ዋስትና ያለው ውርርድና የቢየል ብስክሌት

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ቢሮ ባልደረቦቼ፣ ከሌሎች ቢሮዎች የመጣችሁ እንግዶች፤ ይህን ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በዚህ ሙቀት ኮት ለብሳችሁ መምጣታችሁ ራሱ ከስጦታ ይቆጠራል። ዕዝራ፣ ለስላሳውን በነፃ ስላመጣህልን አንተንም አመሰግናለሁ። እናንተ ደግሞ ለስላሳው ዋስትና አለው ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁት!

የሳቃችሁት ታሪኩን ታውቁታላችሁ። አዲሶቹ ግን ግራ እንዳይገባችሁ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጣች ነርስ ከወሬ ሌላ ምን ሥራ አላት?

ጊዜው ክልላችን ገና ክልል ተብሎ በቆመበት ሰሞን ነው። በሩ ላይ «ቢሮ» ተብሎ ይለጠፋል፤ ውስጥ ሲገቡ ወንበር የለም። እኛ ከግብርና ወንበር እንዋሳለን፤ ትምህርት ቢሮ ከእኛ የጽሕፈት መኪና ይዋሳል። ያንን ዘመን ሳስበው በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከተማው ዓይኑን ይከድናል፤ ወንዛችን ባሮ ብቻ ነበር የማይተኛው። ፀሐይ ዘወር ስትል የስብሰባ ጠረጴዛችንን ተሸክመን ወደ ማንጎው ጥላ እናወጣለን። መሃሉ ላይ መረብ ይወጠርና የጠረጴዛ ቴኒስ ይጀመራል። ኳሷ ወዲያና ወዲህ ስትል፣ ወንዙ ከሥራችን ሲያልፍ፣ ተጫዋቹም ተመልካቹም በሰመመን ውስጥ ያለ ይመስል ነበር።

አንድ ዓመት የቢሮዎች ውድድር ተዘጋጀ። ዕዝራ ያኔ ገበያው ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ነበረው። ውርርዱን ያመጣው እርሱ ነው።

«በመጨረሻው ቀን አምስት ግጥሚያ አለ» አለን። «የአምስቱንም አሸናፊ አስቀድማችሁ ትነግሩኛላችሁ። አምስቱም ከሰመሩላችሁ ካስያዛችሁት የሚበልጥ ዕቃ ትወስዳላችሁ። አንዱ ብቻ ቢሸነፍባችሁ አትጎዱም። ዋስትና አለ፤ ያስያዛችሁት ይመለሳል።»

እናንተ ብትሆኑስ ልባችሁ አይነሳም ነበር?

የቢየል ልብ ተነሳ። ቢየል፣ ይኸው ከፊት ተቀምጧል፣ ያኔ የክትባት ሠራተኛችን ነበር። ቢሮው መኪና ስላልነበረው የክትባቱን ሳጥን በገዛ ብስክሌቱ ጭኖ በባሮ ዳር ወዳሉት መንደሮች ይወርድ ነበር። እናቱ የሚኖሩት ማታር ከተማ ነው። የዕዝራ ሱቅ በር ላይ የቆመች አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበረች፤ እርሷን ባየ ቁጥር ማታር ደርሶ እናቱ ደጃፍ ላይ የሚወርድ ይመስለው እንደነበር ነግሮኛል። ለእርሷ ብሎ ብስክሌቱን አስያዘ።

«ቢየል፣ ይቅርብህ» አልኩት።

«ሲስተር፣ አንዱ ቢሸነፍ ይመለሳል እኮ። ዋስትና አለ።»

«ዋስትናው ምን ይላል?»

«ይመለሳል ይላል።»

ሌላ ነገር አልጠየቀም።

ቀኑ ደረሰ። አራቱ ግጥሚያዎች ቢየል እንዳለው ሆኑ። በአምስተኛው፣ ቢየል ታሸንፋለች ያላት የትምህርት ቢሮዋ ልድያ ከግብርናው ሰብስቤ ጋር ተጫወተች። ልድያ እየመራች ነበር። ቢየል ዓይኖቹን ጨፍኖ ኳሷን በጆሮው ይከታተላል፤ በሐሳቡ ማታር መንገድ ላይ ነው። ድንገት ድምፁ ቆመ። ልድያ ለአንዲት ሩቅ ኳስ ስትዘል ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባት ሣሩ ላይ ወድቃለች። ሰብስቤ ራኬቱን ጥሎ ደገፋት፤ እኔ እግሯን አሰርኩላት። መጫወት አልቻለችም።

ቢየል ወደ ዕዝራ ሄደ። «አራቱ ሰመሩ፤ አንዱ ቀረ። ብስክሌቴን መልስልኝ።»

ዕዝራ ሳይቆጣ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ «ልድያ መች ተሸነፈች? አቋረጠች እንጂ። ዋስትናው የሚሠራው ተጫዋቹ ሲሸነፍ ነው» አለ።

«ካልተሸነፈች አሸነፈች ማለት ነው?»

«አላሸነፈችም።»

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«አቋረጠች።»

ሰው ሳቀ። ቢየል አልሳቀም። ሰብስቤ ግን ጣልቃ ገብቶ፣ «እኔ አሸንፌያታለሁ፤ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» አለ። ልድያም ከተቀመጠችበት፣ «ተሸንፌያለሁ! ስጠው!» ብላ ጮኸች።

«ይሁን» አለ ዕዝራ። «ግን የሚመለሰው ዕቃው አይደለም። በሚቀጥለው ውድድር ያለ መያዣ የመወራረድ መብት ነው።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«እሱን እንጃ።»

አያችሁ? ጠዋት አንዲት አጭር ቃል የነበረችው ዋስትና በየጥያቄው እየረዘመች ሄደች። ብስክሌቱ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ተሸጦ በጀልባ ወረደ።

ከዚያ ከታችኞቹ መንደሮች በአንዱ ኩፍኝ ገባ የሚል መልእክት ደረሰን። በእግር ከሄድን የሳጥኑ በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ይበላሻል። ቢየል ሳጥኑን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። ያንን ፊት አልረሳውም። ሞተር ብስክሌቷ ከዓይኑ ጠፍታለች፤ የሚያየው ልጆቹን ብቻ ነው።

«ና፣ ወንዝ አለን» አልኩት። ዱዎት የሚባሉ ዓሣ አስጋሪ ለምነን በታንኳቸው ወረድን።

ያ ጠዋት! ጭጋጉ ከውኃው ላይ ገና አልተነሳም። ዳርና ዳሩ አይታይም፤ ታንኳዋ በደመና ላይ የምትሄድ ነው የመሰለኝ። ዱዎት በቀስታ ይቀዝፋሉ፤ ነጫጭ ወፎች ከጭጋጉ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ዋና እንደማልችል እንኳ ረሳሁ። ቢየል ሳጥኑን ሙቀት እንዳያገኘው በሸሚዙ እየሸፈነ፣

«ሲስተር፣ ዕዝራ ላልጠየቅኩት አልመለሰልኝም» አለ። «እኔ ይመለሳል ወይ ብቻ አልኩ። ምኑ? መቼ? ሰው ቢታመምስ? አላልኩም። ሕልም ላይ ነበርኩ።»

ደረስን። ሳጥኑን ስንከፍት የጡጫ ያህል በረዶ ተርፏል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዛፍ ሥር ተሰልፈው ነበር። ያን ቀን ከከተብናቸው ልጆች አንድም አልሞተብንም።

በሚቀጥለው ዓመት ዕዝራ እንደገና ውርርድ አመጣ። ቢየል ከሰው መሃል ተነስቶ በእርጋታ ጠየቀው፤ «ተጫዋች ቢያቋርጥ ምን ይሆናል? የሚመለሰው ዕቃው ነው ወይስ መብት? በስንት ቀን?» ዕዝራ ዞር ብሎ የተያዘውን ዕቃ መቁጠር ጀመረ። አንድ በአንድ ሰው ያስያዘውን እያነሳ ተመለሰ። ዕዝራም በመጨረሻ፣ «በቃ፣ እንጫወት» ብሎ ራሱ ራኬት ያዘ። ለካ መጫወት ጭራሽ አይችልም! ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ ያህል ዕድሜ ይስጠን። ውርርዱም በዚያው ቀረ።

ብስክሌቱ አልተመለሰም። ቢየልም አዲስ እስኪገዛ ድረስ በዝናብም በፀሐይም በዱዎት ታንኳ ሲመላለስ ከረመ።

እኔ ነገ ወደ አቦቦ እሄዳለሁ፤ ወንድሜ በሰፈራ ጊዜ መጥቶ እዚያው ያርሳል፤ ከልጆቹ ጋር እኖራለሁ። ሩቅ አይደለምና ብቅ በሉ።

ልጆቼ፣ የጀመራችሁትን ለመፈጸም ጉልበት ይስጣችሁ። ቃላችሁ የታመነ፣ ደጃችሁ ሰው የማይጠፋበት ይሁን። የታመመ የሚድንበት እጅ ይስጣችሁ። የምትወልዱ በሰላም ተገላገሉ፤ መንገደኞች በደህና ግቡ። እንቅልፋችሁ ጣፋጭ፣ ንጋታችሁ ብሩህ ይሁንላችሁ። አሜን በሉኛ!