የአያ ውብነህ ድንጋይ

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚሄደው አውቶቡስ ወንበር አጥቼ ቆሜያለሁ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አጠገባቸው ላለችው ሴት ያወራሉ።

«አያ ውብነህ ማለት አገሩን ሁሉ የሚያስታርቁ ነበሩ። አንድ ቀን ሰው ላስታርቅ ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። እስከ ዛሬ ወሬያቸው የለም።»

«አልፈለጋችኋቸውም?»

«ልንፈልግ ወጣን እንጂ። ግማሹ በርብ ወንዝ በኩል እንሂድ አለ፣ ግማሹ በጉማራ። ተጣላን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደ ወጋችን ዋርካው ሥር ለሽምግልና ተቀመጥን። ሁሉም የሆዱን ተናግሮ ሲያበቃ፣ ፍርዱን ልንሰማ አያ ውብነህ ይቀመጡበት ወደነበረው ድንጋይ ዞርን።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሳቂ ልጄ፣ ምን ታደርጊ። እኔማ ጆሮዬ ደከም ስለሚል ‹ምን ፈረዱ?› ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅሁት።»

«እናስ፣ ሄዳችሁ?»

«ፈራጅ ስናጣ ለሌላ ቀን ቀጠርነው። ቀጠሮው ሳይደርስ ክረምቱ ገብቶ የወንዞቹ ውሃ ሜዳውን ሞላው።»

«አሁን የሚያስታርቃችሁ ማነው?»

«ሰው ጠፋና እኔን አሉ። ድንጋዩ ላይ ግን አልቀመጥም፤ ቆሜ ነው የማስታርቅ።»

ሽማግሌው ይፋግ ላይ ሲወርዱ ወንበራቸው ከፊቴ ተለቀቀ፤ እኔ ግን እስከ ጎንደር ቆሜ ሄድሁ።