ግማሽ ደቂቃ ለሰይፉ

ደሴ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ባለች የባንድ መለማመጃ ክፍል፤ የሰፈሩ አልቃሽ እትዬ የሺመቤት የሟች ወንድማቸውን የሰይፉን ጊታር ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ የባንዱ መሪ ሞገስ የራሱን ጊታር አንግቶ ከፊታቸው ቆሟል።

ሞገስ፦ አይሆንም አልኩ እኮ እትዬ!

የሺመቤት፦ ግማሽ ደቂቃ! ወንድሜ ከናንተ ጋር ለብቻው ሶሎ ይጫወትባት በነበረችው የዘፈኑ ቦታ፣ በገዛ ሙት ዓመቱ፣ ግማሽ ደቂቃ! ሙሉ ኮንሰርት ስጠኝ አልኩህ?

ሞገስ፦ ጊታር ከያዙ ገና አራት ወርዎ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ከበሮና ቤዝ ብቻ ይሄዳል፣ የሰይፉ ቦታ ባዶ ይሆናል ብለን ተስማምተናል። ሕዝቡ ይገባዋል።

የሺመቤት፦ ሕዝቡ «ስፒከሩ ተበላሸ» ነው የሚለው።

ሞገስ፦ አያስቁኝ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የሺመቤት፦ ዕንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔም ከወንድሜ ጎን እተኛለሁ። ሙት ዓመቱ እኮ እሁድ ነው!

ሞገስ፦ እሺ፣ ይሞክሩት። እኔ በጊታሬ ከሥር ኮርዱን እይዛለሁ፣ እርስዎ ከላይ ይግቡ። አንድ፣ ሁለት... በቃ! በቃ እትዬ፣ ይተንፍሱ!

የሺመቤት፦ ምነው? አንድም አልሳትኩ!

ሞገስ፦ አልሳቱም፤ ግን አላቆሙም። አምስቷን የትዝታ ስኬል ኖታ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ደረጃ የሚጠርጉ እኮ ነው የሚመስለው።

የሺመቤት፦ «አምስቷን ካወቁ ከራስዎ ያምጡ» ያልከኝ አንተ አይደለህ?

ሞገስ፦ ያምጡ አልኩ እንጂ ያለዎትን ሁሉ ባንዴ ይድፉት አልኩ? ለቅሶ ቤት ሙሾ ሲያወርዱ እንዲህ ነው? ሳያቋርጡ?

የሺመቤት፦ ምን ሲደረግ! አንድ ግጥም አወርዳለሁ፣ ዝም እላለሁ። ሴቶቹ ይቀበሉኛል። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ ቀጣዩን እፈልጋለሁ።

ሞገስ፦ እኔም የምለው እሱን ነው!

የሺመቤት፦ ታዲያ አራት ወር ሙሉ «ስኬል፣ ስኬል» ከምትለኝ እንደዚህ ብለህ አትነግረኝም?

ሞገስ፦ ይኸው ነገርኩዎት። ትንሽ ይበሉ፣ ይቁሙ። ጎሽ! አሁን ሌላ... ውይ፣ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?

የሺመቤት፦ ጣቴ ተሳስቶ ጎረቤት ገባ።

ሞገስ፦ ጣቱስ ይግባ፤ ፊትዎ ነው ያጋለጠዎት። መድረክ ላይ እንዲህ ከደነገጡ አለቀልን። እንቢ የምለውም ለዚህ ነው። ለቅሶ ላይ ተሳስተው አያውቁም?

የሺመቤት፦ እኔ? አቶ ደምሴ የሞቱ ጊዜ «ተሰማ፣ ወንድሜ ተሰማ» ብዬ ጀመርኩ። ተሰማ ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ንፍሮ ይበላል።

ሞገስ፦ ኧረ በስመ አብ! ሰውዬውስ?

የሺመቤት፦ ንፍሮው አፉ ውስጥ ቀረ።

ሞገስ፦ ይቅርታ ጠየቁ?

የሺመቤት፦ በቁሙ ከቀበርኩት በኋላ ምን ይቅርታ አለ? ስሙን ደገምኩት እንጂ!
«ተሰማ፣ ተሰማ፣ ተሰማ በየቤቱ፣
የደጉ ሰው ደምሴ ድንገት መለየቱ።»

ሞገስ፦ ሰዉ አልነቃም?

የሺመቤት፦ ሰዉማ ተንሰቀሰቀ። ከሁሉ የባሰው ተሰማ ነው፤ ከሞት ተርፎ።

ሞገስ፦ እትዬ፣ ይህንኑ ጊታሩ ላይ ያድርጉት። የሳቷትን ኖታ ሆን ብለው ይድገሟት፣ ከዚያ እጇን ይዘው ወደ ቤቷ ይመልሷት።

የሺመቤት፦ ይኸው ሳትኩ። ደገምኩ። መለስኩ... እንዴ!

ሞገስ፦ እንዴ! ይህን ሁሉ እየቻሉ ነው እኔን የሚያደክሙኝ? ግን... አንድ ነገር ብል አይቆጡኝም?

የሺመቤት፦ እንደ አነጋገርህ ነው።

ሞገስ፦ ሰይፉ ሲቀበር አንድ ግጥም አላወረዱም። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራል።

የሺመቤት፦ ምን እያለ?

ሞገስ፦ «ለባዳው ሁሉ አልቅሳ፣ ለወንድሟ ቃል አጣች» እያለ።

የሺመቤት፦ ቃልስ አላጣሁም። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ እንቢ አለ። ጉሮሮዬ ላይ እንደቆመ ይኸው ዓመት ሞላው። በአፌ ካልወጣ በጣቴ ልሞክረው ብዬ ነው።

ሞገስ፦ ይህን ለምን አልነገሩኝም?

የሺመቤት፦ አንተ የጠየቅኸኝ ስኬል ነዋ።

ሞገስ፦ መድረክ ላይ ከሳቱስ?

የሺመቤት፦ እደግመዋለኋ!

ሞገስ፦ እሺ፣ ከመጀመሪያው። ኮርዱን ይዤያለሁ። አይቸኩሉ... አዎ... ይቁሙ... አሁን ይግቡ...

የሺመቤት፦ ምነው አቆምክ? ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላ!

ሞገስ፦ ትንሽ ይታገሱኝ። የጊታሬ ክር አልታይ አለኝ።

የሺመቤት፦ ታለቅሳለህ እንዴ አንተ?

ሞገስ፦ እኔም ለሰይፉ አላለቀስኩም ነበር። እሁድ እርስዎ ያውርዱ እትዬ፤ እኛ እንቀበላለን።