እትዬ ትሩፋት ጠርሙስ ውስጥ ያዩዋት

ሰላም ዋላችሁ! አሰላሙ ዓለይኩም! እባካችሁ ያንን ቬንትሌተር ወደ ተሰናባቿ እትዬ ትሩፋት አዙሩላቸው። ለእኔ ዛሬ ላቡ ይገባኛል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትሰማላችሁ።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት እትዬ ትሩፋት የውኃ ላቦራቶሪያችን በር ላይ ብቅ ሲሉ እኔ ኃላፊ ከሆንኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ነጭ ጋውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ። ዘልዬ ተነሣሁ። ወንበሬን ለቀቅሁላቸው። ሚዛኑ የተበላሸው በእኔ ጊዜ እንዳልሆነ፣ መዝገቡ ለምን ሁለት ወር ሳይሞላ እንደቀረ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ! ዝም ብለው ሰሙኝና ስጨርስ፣ "ጌታዬ፣ የሚታጠበው ጠርሙስ የቱ ጋ ነው? ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ ነው የተመደብኩት" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እኔ ጉድለት ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው አሰብ ውስጥ የለም።

እትዬ ትሩፋት ጠርሙስ ሳያዩ አይደፉም። ወደ መስኮቱ ያነሡታል፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ተላላኪያችን ጫኔ ከክበቡ ሻይ ሲያመጣላቸው ሻዩንም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ጫኔ ቅር ብሎት "እትዬ፣ ሻይ እኮ ነው!" ቢላቸው፣ "አውቃለሁ ልጄ፤ ከሻዩ ሌላ ምን እንዳለበት ነው የማየው" አሉት። ደግሞ ወረቀት የማይለጥፉበት ነገር የለም። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ምሳዬ ላይ ያገኘሁትን ልንገራችሁ? "የአቶ አበጀ። የገባው ማክሰኞ። ከዛሬ በኋላ አይበላም።" በላሁት። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ።

አሁን ወደዚያች ጉድጓድ ልሂድ። ወደ ደባይሲማ በሚወስደው መንገድ ያለች፣ አርብቶ አደሮቹ የሚጠቀሙባት ጉድጓድ ናት፤ በየወሩ ከእሷ ናሙና እናመጣለን። ፖስታችን በአዲስ አበባ መሄዱ ቀርቶ በአስመራ በኩል መሄድ በጀመረ ሰሞን፣ እትዬ ትሩፋት አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ እንዳነሡ ቀሩ።

"አቶ አበጀ፣ አንዲት ነጭ ነገር ትዋኛለች።"

"ብናኝ ነው።"

"ብናኝ ወደ ላይ ይወጣል?"

"አየር ከያዘ ይወጣል" አልኩ። የተማረ ሰው መቼ መልስ ያጣል! መዝገቡ ላይ "ብናኝ" ብዬ ጻፍኩና ጠርሙሱን ሲንክ ውስጥ ገለበጥኩት። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ማንም ሳይንቲስት አይቷት የማያውቃትን ፍጥረት ሦስት ወር ሙሉ በአሰብ ፍሳሽ ቱቦ ስሸኛት ከረምኩ።

በአራተኛው ወር እትዬ ትሩፋት ጠርሙሱን አልሰጥም አሉ። ነጯን ነገር በጠብታ ማንሻ አውጥተው ማይክሮስኮፑ ሥር አደረጓትና "ይዩ" አሉኝ። አየሁ። ክው አልኩ። ደብተሬን ስቤ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፦ "ጥቁር፣ ቀጭን፣ ጫፏ የተቆለመመ፣ ቶሎ ቶሎ የምትንቀሳቀስ።" እትዬ ትሩፋት አነበቡትና፣ "አቶ አበጀ፣ ይሄ የዓይንዎ ሽፋሽፍት ነው" አሉኝ።

እውነተኛዋ ፍጥረት የጋምበሪ፣ ማለትም የሽሪምፕ ዘመድ ናት፤ አምስቱ ተደርድረው አንድ የሩዝ ፍሬ አያክሉም። ጣሊያን አገር ላሉ አንድ የውኃ ፍጥረታት ሊቅ በአልኮል አድርገን ላክንላቸው። "ላክን" ስል፣ እሳቸው አሸጉ እኔ ፈረምኩ። ከየት እንደተገኘች የሚገልጸውን፣ ብልቃጡ ውስጥ የሚገባውን ወረቀት ግን "ይሄ የኃላፊ ሥራ ነው" ብዬ ራሴ ጻፍኩት። እትዬ ትሩፋት እርሳስ ቢያቀብሉኝ "እርሳስ የተማሪ ነው" አልኩና የኪሴን እስክሪብቶ መዘዝኩ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ። "ፍጥረቷ አዲስ ትመስላለች። ነገር ግን ወረቀታችሁ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ለመሆኑ ሰማያዊነቷ የተፈጥሮዋ ነው?" ይላል። ቀለሜን አልኮሉ አሟሙቶ ምስኪኗን ነክሯታል።

የተገኘችበት ቦታ የማይታወቅ ፍጥረት አዲስ ናት ተብላ አትጻፍም። ጉድጓዷ ደግሞ ልትታደስና ክሎሪን ሊገባባት አሥር ቀን ቀርቷታል። እትዬ ትሩፋት ሻሻቸውን ቀደው መረብ ሰፉ፤ ሾፌራችን ዓሊዪ መኪናውን አስነሣ፤ ሄድን።

ጉድጓዷ ዘንድ ሰዎች ተሰበሰቡ። እኔም በዓሊዪ አስተርጓሚነት በኩራት "ውኃችሁ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አግኝተናል!" አልኳቸው። የአንድ ሽማግሌ ፊት ተለዋወጠ። ዓሊዪ ወደ እኔ ዞሮ "ጉድጓዳችንን ልትዘጉብን ነው ወይ ነው የሚሉት" አለኝ። የሰዉ ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ። እኔ ስለ ንጹሕ ውኃ ደረጃ ማብራራት ስጀምር እትዬ ትሩፋት ገፋ አደረጉኝና፣ ከባልዲው በጣሳ ቀድተው ሽማግሌው ፊት ግጥም አድርገው ጠጡ። "በላቸው ዓሊዪ፣ እሷ ጎረቤታቸው ናት፤ ከእነሱ በፊት የነበረች ናት" አሉ። ሽማግሌው ሳቁና መረቡን የሚጎትትልን ሰው ሰጡን። በዚያን ቀን አሥራ ሰባት ያዝን። የአሥራ ሰባቱም ወረቀት በእርሳስ ተጻፈ።

ከዚያ ሥዕል ነው። አንድ ፍጥረት አዲስ ናት ለማለት እያንዳንዱ እግሯ፣ እግሯ ላይ ያለው ፀጉር ሳይቀር ተለክቶ ይሣላል። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ስምንት ወር ሙሉ የሣሉት ጠርሙስ አጣቢዋ ናቸው። የላክሁት ግን እኔ ነኝ፤ ከሥሩ ያለውም የእኔ ፊርማ ነው።

ላቡ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ከአራት ወር በፊት ከሊቁ ፋክስ መጣ። "ፍጥረቷን ባገኟትና ሥዕሎቹን በሣሉት በአቶ አበጀ ስም እንድትጠራ አስቤያለሁ" ይላል። ስህተት ነው ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። አሥራ አንድ ቀን! በየጠዋቱ እከፍተውና ስሜን አነባለሁ። ለእናቴ ሁሉ ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። ነገሩን ሳስበው ስሙ ለእኔ የሚመጥነኝም ነበር፤ ዓይን የላትም፣ ቀለም የላትም፣ ዕድሜዋን በሙሉ ጨለማ ውስጥ ነው የምትኖረው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ ትሩፋት ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል። "አቶ አበጀ፣ ተሳስቻለሁ። አምስተኛው እግር ላይ ያለው ፀጉር ሦስት ነው፤ እኔ ሁለት ነው የሣልኩት። ለሰውየው ይጻፉልኝ" አሉኝ። እኔ የሰው ሥራ ልውጥ ተዘጋጅቼ፣ እሳቸው ለአንዲት ፀጉር ሌሊቱን አልተኙም! የዚያን ቀን ያፈርኩትን በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ፋክሱን ጻፍኩ። ስለ ፀጉሯ አንድ መስመር፣ ስለ እሳቸው አንድ ሙሉ ገጽ።

ይኸው የሳይንስ መጽሔቱ። ባለፈው ሐሙስ ደረሰ። ስሟ "ትሩፋቴ" ተብሏል፣ በላቲን የትሩፋት ማለት ነው፤ ሥዕሎቹም በስማቸው ነው የወጡት። ቆይ፣ ጭብጨባው ይቆየን። እትዬ ትሩፋት፣ ያንን አሥራ አንድ ቀን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ሳልነግርዎ ሄዱ እንዳይባል፣ በሰው ፊት ይቅርታ...

ምን አሉ? እስቲ ጸጥ በሉ፣ ልስማቸው።

"አውቅ ነበር" ነው የሚሉት!

"ፋክሱን ከማሽኑ ላይ ያነሣሁት እኔ አይደለሁ? እንግሊዝኛው ባይገባኝም የእርስዎን ስም ማንበብ፣ የእኔ እንደሌለበት ማየት አያቅተኝም።" ሰማችሁ? ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡትም እሳቸው ናቸው!

ታዲያ እትዬ፣ ያን ሁሉ ቀን ለምን ዝም አሉኝ?

...

ከኋላ ላላችሁት ልድገመው። "ይነግሩኛል ብዬ ነዋ" አሉኝ።

እዚህ ወረቀት ላይ አንድ ገጽ ምስጋና ይቀረኝ ነበር፤ ማንበብ አልችልም፣ ይቅር። እትዬ ትሩፋት፣ አመሰግናለሁ። ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ሽፋሽፍቱ፣ ስለ ጣሳዋ ውኃ አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ስለዚያ ዝምታ አመሰግናለሁ። ደሴ ልጅዎ ብርቅዬ ዘንድ በሰላም ይግቡ፤ ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ የልጅ ልጅ ጫጫታውን ያብዛልዎ።

ቢራ የያዛችሁ ቢራችሁን፣ ሻይ የያዛችሁ ሻያችሁን አንሡ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አምነው ለጠበቁኝ፣ ለእትዬ ትሩፋት!