የሲሚንቶው አደራ

እኔ በዕድሜዬ በብዙ አገር ባቡር ተሳፍሬአለሁ፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ከሮም የባሕር ዳርቻ ከኦስቲያ ተነሥቶ መሀል ከተማ ፒራሚዴ ጣቢያ የሚያደርሰውን ነው። ዓሣ የገዛች አሮጊት፣ ጸጉሩ ያልደረቀ ዋናተኛ፣ ወደ ሥራዋ የምትቸኩል የሐበሻ ሴት በውስጡ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጣሉ፤ ጉልበቱ የተነካካ ሰው ደግሞ ሳይጫወት አይወርድም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስምንት፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞዬን ጨርሼ ስሳፈር ወይዘሮ አስገደት ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወይዘሮ አስገደት የአጋሜ ሰው ናቸው፤ ኦስቲያ ውስጥ ሲኞራ አድሪያና የሚባሉ ባልቴት ቤት አብረው እየኖሩ ይንከባከቧቸዋል። ከጎናቸው የክርስትና ልጃቸው ሶሊ ነበረች። ሶሊ ሮም ተወልዳ ያደገች፣ በዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ትምህርት ያጠናች ልጅ ናት፤ በዚያ ዓመት ለሠራተኞች ስለ ጡረታ ምክር ከሚሰጥ አንድ ቢሮ ሥራ ጀምራ ነበር። አንደኛዋ ወደ መስኮቱ፣ ሌላዋ ወደ በሩ ዞረው ተኳርፈዋል።

«ምነው እናትና ልጅ፤ ውጭው እንዲህ ፀሐይ ሆኖ የእናንተ ፊት ብቻ ደመነ?» አልኋቸው።

«እትዬ ጽጌረዳ! እንኳን እግዚአብሔር አመጣዎት» አሉ ወይዘሮ አስገደት። «አራት ሰዓት ላይ ባንካ ቀጠሮ አለኝ። የተረፈችኝን ለቃቅሜ አወጣና ኮመዲኖዬ ውስጥ ቆልፌባት እተኛለሁ፤ አበቃ። ይህቺ ልጅ ግን ከአልጋዬ ጀምራ ስትጨቀጭቀኝ ነው የመጣችው።»

«አሎራ፣ እንግዲህ እትዬ ጽጌረዳ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለች ሶሊ። «እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ እንደፈሩ አይወስኑ ነው ያልኩት።»

«አንቺ ምን አለብሽ! ያልደከሙበት ገንዘብ አያስፈራም።»

አንባቢዬ ነገሩን ከሥሩ ይረዳው ዘንድ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። የሲኞራ አድሪያና ባል ኢንጂነር ሳልቫቶሬ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ታመው በተኙ ጊዜ ያገላበጧቸው፣ ያጠቧቸው፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሷቸው ወይዘሮ አስገደት ናቸው። ሰውዬው ሊሞቱ ሲቃረቡ እጃቸውን ያዙና፣ «አስገደት፣ ያጠራቀምሽውን በእኛ ሲሚንቶ ላይ አድርጊው። ሰው ሁሉን ቢተው ቤት መሥራት አይተውም» አሏቸው። እሳቸውም ለእርጅናቸው ብለው ያጠራቀሙትን ሁሉ የዚያ ፋብሪካ አክሲዮን ገዙበት። ለጥቂት ዓመታት ዋጋው ወጣ። በዚያ መከር ግን የዓለም የአክሲዮን ገበያ ሲናድ ሲሚንቶው ከሁሉ ቀድሞ ወደቀ፤ ከግማሹ በላይ ተነነ። ለጡረታቸው የቀሯቸው ዓመታት ደግሞ ጥቂት ነበሩ።

በእኛ ዘንድ የሟች ቃል አደራ ነው፤ አደራን የሚመረምር የለም። ወይዘሮ አስገደትን ለጉዳት የዳረጋቸው ስስት ቢሆን ኖሮ እገሥጻቸው ነበር። የዳረጋቸው ግን ምስጋናን ወደማያውቅ ገበያ ምስጋናቸውን ይዘው መግባታቸው ነው።

«ኢንጂነሩ ጥሩ ሰው ነበሩ» አለች ሶሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔንም ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር። ፋብሪካው ግን ኢንጂነሩ አይደለም፤ እርስዎንም አያውቅዎትም።»

«ተይው እሱን። ይህ የመጣው ቁጣ ነው። ቁጭ ብዬ የማገኘው ትርፍ አማረኝ፤ እግዚአብሔር ቀጣኝ።»

«ቁጭ ብለው? ሰው ሲያነሡና ሲያስተኙ አይደለም እንዴ ወገብዎ የተቀጨው? እሺ፤ ኮመዲኖው ውስጥ እናስቀምጠው። ወይዘሮ ለተንኪኤልን ረሷቸው?»

ወይዘሮ ለተንኪኤልን የሮም ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ገንዘባቸውን በክረምት ካፖርታቸው ገበር ውስጥ ሰፍተው ይኖሩ ነበር። በቤታቸው እየኖሩ የሚንከባከቧቸው ሽማግሌ እሳቸው ንግሥ ሄደው ሳሉ ዐረፉ፤ ወራሾቹ ቤቱን አጽድተው፣ ቁልፉን ቀይረው፣ አሮጌውን ልብስ ሁሉ ለድሆች ሰጡት። ካፖርቱን ማን እንደለበሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

«ለተንኪኤል ሞኝ ናት!» አሉ ወይዘሮ አስገደት። «እኔ ኮመዲኖ አልኩ እንጂ መቼ ካፖርት አልኩ?»

«ኮመዲኖው የማን ነው?»

ወይዘሮ አስገደት ቦርሳቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«የሲኞራ ነው» አሉ።

«ክፍሉስ?»

«የሲኞራ ነው አልኩሽ! አቃቤ ሕግ ሆንሽብኝ እኮ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ፣ እርስዎ ዓለምን የዞሩ ነዎት። ባንካውስ ራሱ ቢዘጋ?»

መዋሸት አልፈለግሁም። «ቡዌኖስ አይረስ ሳለሁ አይቻለሁ» አልኋቸው። «ሰዎች በተዘጋ የባንክ በር ላይ ድስት በጭልፋ እየቀጠቀጡ ያለቅሱ ነበር።»

«ሰማሽ!» አሉ ሶሊን በክርናቸው ጎሰም አድርገው።

«ጨረስሁ መሰለሽ?» አልኋቸው። «እኔን ያከራየችኝ ሴትዮ ድስት አልቀጠቀጠችም። ገንዘቧ ከፊሉ ባንክ፣ ከፊሉ በእጇ፣ ከፊሉ በሌላ አገር ነበር። እሷም ከሰረች፤ ግን በጉዳቷ መካከል ቁርሴን አላስቀረችብኝም።»

ሶሊ ሳቀች፤ ኩርፊያው በዚያች ሳቅ ላላ። ወይዘሮ አስገደትም ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈቱና፣ «ቫ ቤኔ፣ እሺ። ተናገሪ እስቲ። ሲሚንቶው ይነሣል ወይስ አይነሣም?» አሏት።

«አላውቅም።»

«እንዲህ ብላ ነው እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው!»

«ማንም አያውቅም፤ አውቃለሁ የሚልዎትን ሰው ይሽሹ። አንድ ኩባንያ ሊሞት ይችላል። የብዙ አገር ብዙ ኩባንያ ግን ባንድነት ይታመማል እንጂ ባንድ ቀን አይሞትም፤ እስከ ዛሬ ከታመመ በኋላ ሲያገግም ነው የታየው። ለማገገም ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ስንት እንደሆኑ አስቀድሞ የነገረን የለም። ስለዚህ የምጠይቅዎ ስለ ገበያው አይደለም፤ ስለ እርስዎ ነው። ይህን ገንዘብ መቼ ነው የሚበሉት?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጡረታ በወጡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለቤት ኪራይ፣ ለሕመም፣ ወደ አገር ቤት ለመመላለስ የሚያስፈልግዎ አለ። እሱ ዛሬውኑ ከገበያ ይውጣ፤ ብንከስርም እንውጣ። የመንግሥት ዋስትና ያለውን የፖስታ ቤት የቁጠባ ሰነድ እንግዛበት። ትርፉ ጥቂት ነው፤ እንቅልፉ ግን ብዙ ነው። የቀረው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚበሉት፣ ከሲሚንቶው ወጥቶ የብዙ አገር ኩባንያዎችን ባንድ ወደሚይዝ ፎንዶ ይግባ። የሚያስተዳድሩት ሰዎች የሚቆርጡት ክፍያ ትንሽ መሆኑን ሳንጠይቅ ደግሞ አንፈርምም።»

«እንዲህ ረክሶ ሳለ ልሽጠው?»

«በርካሽ ይሸጣሉ፤ በርካሽ ይገዛሉ። የወደቀው ሁሉም ነው። ጥሬ ገንዘብ አድርገው ኮመዲኖ ውስጥ ከቆለፉት ግን ገበያው በሚነሣበት ቀን እርስዎ አብረው አይነሡም፤ በዚያ ላይ የዳቦ ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ ኮመዲኖው ውስጥ ያለው ባለበት ይቆያል።»

ባቡሩ የአቺሊያን ቤቶች አልፎ ገላጣ ሜዳ ላይ ደርሶ ነበር፤ የወይዘሮ አስገደት ዓይን አዲስ በታረሰ ማሳ ላይ ተተክሎ ቀረ። ሰው ከራሱ ጋር ሲማከር መሀል መግባት ነውር ነው።

«አባቴ ሐንፈጽ ነበር የሚዘራው» አሉ ድንገት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ሶሊ።

«ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ባንድ ማሳ መዝራት ነዋ! ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ ይደርሳል፤ ዝናቡ ቢያምር ስንዴው ያፈራል። ባዶ እጅ የለም። አንድ ዓመት ስንዴ ገበያ ላይ ተወደደና አጎቴ ንጹሕ ስንዴ ዘራ፤ አባቴን ‹አንተ ፈሪ› እያለ ይስቅበት ነበር። ዝናቡ ሰኔ ላይ መጥቶ ነሐሴ ላይ ጠፋ። አጎቴ እስከሚቀጥለው መከር የኛን ገብስ በላ። አባቴ እየሰፈረ ሰጠው፤ አንድ ቃል አልተናገረውም፤ አጎቴን የገደለው ያ ዝምታ ነው።»

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

«ወይ እኔ! ንጹሕ ሲሚንቶ ዘርቻለሁ እኮ!»

ሦስታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነገሩ ሳይገባው አብሮን ሳቀ። ሶሊ ያን ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ቃል ደርድራ ያላስረዳችውን ነገር እናቲቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ኖሯል። የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም፤ የአባታቸው ማሳና የባንኩ ወረቀት የአንድ ነገር ሁለት መልክ መሆናቸውን የሚነግራቸው ሰው ነበር እንጂ። ለሶሊም ያን ዕለት ትምህርት ተጨመረላት፤ እስከ ዛሬ በቢሮዋ ሐንፈጽ የሚለውን ቃል ጣሊያኖቹን ሳይቀር ታስተምራለች።

ሳቁ ሲበርድ ግን የወይዘሮ አስገደት ዓይን እንባ አቀረረ። «የሟቹ አደራስ?» አሉ። «እጄን ይዞ የነገረኝን ሽጬ፣ ነገ በመቃብሩ ላይ አበባ ሳኖር ምን እለዋለሁ?»

አስሮ የያዛቸው ቋጠሮ ይህ እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሶሊም ወደ እኔ ተመለከተች።

«አስገደት እኅቴ» አልኋቸው፤ «ኢንጂነሩ ሲሚንቶ ግዢ ሲሉሽ ለማን አስበው ነው? ለፋብሪካው ነው?»

«ለፋብሪካው ምን ያስባል፤ ለእኔ ነው እንጂ። በእርጅናሽ እንዳትቸገሪ ነው ያለኝ።»

«እንግዲያውስ አደራው አለመቸገርሽ ነው። ሲሚንቶው መንገዱ ነበር። መንገድ በጎርፍ ሲሰበር ሌላ መንገድ ይዞ ከቤት የሚደርስ ሰው አደራ በላ አይባልም።»

ወይዘሮ አስገደት አማተቡ። ባቡሩ ፒራሚዴ ሲገባ ሻርፓቸውን መልሰው አሰሩና፣ «ተነሺ» አሏት ሶሊን። «አንቺ ትናገሪያለሽ፤ እኔ እፈርማለሁ። ኮመዲኖ ብዬ እንደነበር ግን ለማንም እንዳትናገሪ።»

የባንኩ ጉዳይ ሲያልቅ ምሳችንን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ አብረን በላን፤ በወይዘሮ አስገደት ግብዣ።

ገበያው ግን ወዲያው አልታዘዘልንም። በሚቀጥለው የካቲት ይብሱን ወረደ፤ ወይዘሮ አስገደትም ሶሊ ዘንድ ደወሉ።

«ፎንዶውን ላውጣው?»

«የፖስታ ቤቱ አለ?»

«አለ።»

«ዛሬ የሚበሉት ከየት ነው?»

«ከደመወዜ።»

«እንግዲያው ማሳውን አይርገጡት፤ ቴሌቪዥኑንም ያጥፉት። በዓመት አንድ ቀን አብረን እንመለከተዋለን፤ ጡረታዎ በቀረበ ቁጥር ከፎንዶው ወደ ፖስታ ቤቱ ትንሽ ትንሽ እያዛወርን እንሄዳለን።»

እንዲሁም አደረጉ። ፎንዶው ዝግ እያለ አገገመ። የሲሚንቶው ፋብሪካ በሩን ክፍት አድርጎ ቢኖርም አክሲዮኑ የቀድሞ ዋጋውን መልሶ አላየም። ሶሊ በቢሮዋ አሠሪያቸው ስለ እሳቸው የሚከፍሉትን የጡረታ መዋጮ መረመረች፤ ሲኞራ አድሪያና ሳያጓድሉ ከፍለው ኖረዋል።

ከአራት ዓመት በኋላ ሲኞራ አድሪያና ዐረፉ። በቀብሩ ማግስት ከሶሊ ጋር ወይዘሮ አስገደትን ለማጽናናት ኦስቲያ ሄድን። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ፤ በሩ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቁልፍ ተገጥሟል። ወራሾቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ቸኩለው ነበር እንጂ።

ሶሊ ደነገጠች። «ዕቃዎስ? ኮመዲኖው ውስጥ ምን ነበረ?»

«ካልሲ» አሉ ወይዘሮ አስገደት ብርቱካኑን ለሦስት እየከፈሉ። «ብርዱ ስለ መጣ ወራሾቹ ይልበሱት።»

ለሲኞራይቱ አልቅሰው የነበረው ዓይናቸው እንዳበጠ ነው፤ ስለ ነገ ግን አንድም እንባ አልነበረበትም። በዚያው ሳምንት ከፖስታ ቤቱ ጥቂት አውጥተው ሁለት ክፍል ተከራዩ፤ ጡረታቸውም ተከተለ። ፎንዶው ግን ለኋለኛው ዕድሜያቸው ተብሎ አልተነካም። ለማንም ሸክም አልሆኑም፤ የማንንም ደጅ አልጠኑም፤ ይልቁንም ደግሰው ይጠሩናል። ገንዘቡን መቼ እንደሚበላ አስቀድሞ የለየ፣ የቅርቡን በጽኑ ቦታ፣ የሩቁን በብዙ ቦታ ያኖረ ሰው፣ ዓለም በተናወጠ ጊዜ ቢያዝን እንኳ አይወድቅም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዛሬ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ አንዲት ወጣት ሮጣ መጥታ፣ «እትዬ አስገደት፣ ፈጽሞ የማያከስር ነገር አገኘሁ፤ ያለኝን ሁሉ ላገባበት ነው!» ብትላቸው አይቆጧትም፤ አያስተምሯትምም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋታል፤

«ገብስ አለበት?»