ጋሼ ጀማነህ ከዝርዝሩ ያስወጡት ፍሬን

ሂሊያርድ ከተማ መኪና የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ዲለር ዘንድ ዘይት ላስቀይር በሄድኩበት ጠዋት፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ጋሼ ጀማነህን አገኘኋቸው። በቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን፤ የልጅ ልጃቸውን ሲናን በየቀኑ ሕፃናት መዋያ፣ ዴይ ኬር፣ የሚያደርሷት እሳቸው ናቸው። ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ ደስ ብሏቸው አንድ ወረቀት ዘረጉልኝ።

«ዘይት ላስቀይር ብመጣ ሰባት ነገር ይሠራ አሉኝ፣ ውባለም። ተከራክሬ ወደ አራት አወረድኳቸው።»

ወረቀቱን አነበብኩት። የዝናብ መጥረጊያ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የሞተር እጥበት፣ የሽታ ማጥፊያ። ከተሰረዙት መካከል ግን በቀይ የተጻፈ የፊት ፍሬን ሸራ አለ። አልዋሽም፣ ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑን ለምን አስወጡት?»

«ከሁሉም ውዱ እሱ ነዋ። ሰው ሲገበያይ ትልቁን ነው የሚያስወርደው።»

«ይኼ እኮ የቲማቲም ገበያ አይደለም።»

«ነጋዴ ሁልጊዜ ጨምሮ ነው የሚጠራው ልጄ። ሰባቱንም እሺ ብል ሞኝ ይለኛል። ሁሉንም እምቢ እንዳልል ደግሞ ዝርዝሩን የሰጠኝ ልጅ በትሕትና ነው ያናገረኝ፤ ነውር ነው። ስለዚህ ተካፈልን።»

ትዕግሥቴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግማሹን ልውሰድ ብሎ የሚከራከር ሰው አለ? እርግጥ እኛ ዘንድ እሱም አይጠፋም።

«ፊልትሮውን ልጅዎ አንድርያስ ባለፈው ወር ቀይሮልዎት የለም እንዴ?»

«ቀይሮልኛል።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ተስማሙ?»

«ርካሽ ነው ብዬ።»

«መኪናው ሲቆም ድምፅ አያሰማም?»

«ከፍልሰታ ወዲህ ያፏጫል።»

«ምን አደረጉ ታዲያ?»

«መዝሙሩን ከፍ አደርገዋለሁ። ሲናም ትወደዋለች።»

ታላቅ ሰው ባይሆኑ የምናገረውን እኔ አውቃለሁ። ዋጥ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ እኔንም ሻጩንም አይመኑ። አሳዩኝ ይበሉ» አልኳቸው።

«እንዲህ ይባላል? አላመንኩህም ማለት አይሆንም?»

«በትሕትና ከጠየቁ ምን ነውር አለው? ሳያዩ መፈረሙ ነው ነውሩ።»

ዝርዝሩን የሰጣቸውን ሻጭ ልጅ ጠርቼ አስተረጎምኩ። ሳያንገራግር ወደ ጋራዡ ወሰደን፤ መኪናው ጎማው ወልቆ እንደተሰቀለ ነበር። መካኒኩ አዲስ ሸራ አምጥቶ ከአሮጌው ጎን ያዘው። አዲሱ የአውራ ጣት ውፍረት አለው፤ የጋሼ ጀማነህ ግን ብረቱ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ሲሉ ደግሞ በመኪናው መስኮት የሲና ወንበር ይታያል፣ አንድ እግር ካልሲዋ እዚያው ቀርቷል።

«ዛሬ ጠዋት በዚህ ነው ያደረስኳት?» አሉ።

«በዚህ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ እኔን አልጠበቁም። ወረቀቱን ተቀብለው በራሳቸው እንግሊዝኛ፣ «ብሬክ፣ የስ። ፊልተር፣ ኖ» አሉ። የቀረውን እያንዳንዱን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ዛሬ ካልተሠራ ምን ይሆናል?» ብለው በእኔ አስጠየቁት። ልጁ መጥረጊያው ብቻ ከክረምቱ በረዶ በፊት ቢቀየር ጥሩ መሆኑን፣ የሞተር እጥበቱም ሊቆይ እንደሚችል ነገራቸው። ስለ ሽታ ማጥፊያው ግን ትከሻውን ሰበቀ። ማንም አልተቀየመም።

የአገሬ ሰው ሁሉ ቢሰማኝ የምለው ይህንኑ ነው። እንዲያሳዩን እንጠይቅ፤ ዛሬ ባይሠራ ምን እንደሚመጣ እንጠይቅ፤ ሕይወት የሚነካውን እናስቀድም፤ የቀረውን ቤት ወስደን እናስብበት ወይም ሌላ መካኒክ ይየው። ያኔ ሻጭም የማያስፈልገንን አይጭንብንም፣ እኛም የሚያስፈልገንን አንጥልም። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያሻም።

የእኔ መኪና ቀድሞ ቢያልቅም ጠበቅኳቸው። ፍሬናቸው ተቀይሮ ከግቢው ተከታትለን ወጥተን ቀይ መብራት ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ጋሼ ጀማነህ መስኮታቸውን አወረዱ።

«ውባለም፣ መዝሙሩን ዘግቼ ነው የመጣሁት» አሉኝ። «ምንም አይሰማም።»