ካሬዎቹን አስፊልኝ

— ሄሎ... ሄሎ... አቤት እትዬ... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት?... እሰይ።

— አይ፣ እቤት ነኝ። ቅዳሜ አይደል... ሥራውንማ እቤት ይዤው መጥቻለሁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብያለሁ... እሱም አለ። ሥራ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቷል... ስልኩን አያነሳም? ድምፁን አጥፍቶት ይሆናል። ልጥራልዎት?

— አልጥራው?... እኔን ነው የፈለጉት... እሺ። እየሰማሁ ነው።

— ማነው እንዲህ ያለዎት?... ራሱ ደውሎ? «ሚስቴ ልትለየኝ ነው» አለ?... እትዬ፣ ይሄ ነገር ከአፌ አልወጣም። ተኳርፈናል፣ እሱን አልክድም። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ከ«በሩን ቆልፈው» እና ከ«መብራቱን አጥፊው» ሌላ ቃል የለንም። ግን መለየት... እንዴት አድርጎ አሰበው?

— በምን ተጣላችሁ?... በቀለም ሰሌዳ ነዋ። እውነትዎን ነው፣ ያስቃል። አስታራቂ ቢመጣ እንኳ ምን ብለን እንደምናስረዳ እኔ አላውቅም... ይሳቁ፣ ይሳቁ። እኔም ሰሞኑን መሳቅ አቅቶኝ ነው እንጂ።

— እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገርዎት። የኛ መሥሪያ ቤት ስክሪን ላይ ሥዕል የሚሣልበት ሶፍትዌር ነው የሚሠራው... አዎ፣ ወንድምዎ የልጆች መጻሕፍቱን እንደሚሥልበት፣ ያ በብዕር የሚነካካው መስታወት። እና በመስታወቱ ዳር ቀለሞቹ የሚደረደሩባት ሰሌዳ አለች። ትንንሽ ካሬዎች ናቸው፣ አንዱ ካሬ አንድ ቀለም። ሠዓሊው የፈለገውን በብዕሩ ጫፍ ነካ ያደርግና ይወስዳል። እሷ ናት ለኔ የተሰጠችኝ። ካሬው ምን ያህል ይስፋ፣ የቱ ቀለም ከየቱ ጎን ይቀመጥ፣ አሁን የተጠቀመበት ቀለም ተመልሶ ሲፈልገው የት ይቆየው... ክረምቱን በሙሉ በሷ ነው የለፋሁት። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ሠዓሊው ዓይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል እጁ ራሱ ሄዶ ቀለሙን ማግኘት አለበት። እርስዎ ኩሽና ውስጥ የጨው ዕቃውን ሳያዩ እንደሚያነሱት።

— ልክ ነው። እና ማን ይሞክርልኝ? ባሌ ሠዓሊ ነው፣ እቤቴ ነው ያለው። ሰጠሁት።

— መጀመሪያማ ወዷት ነበር። ኋላ «ካሬዎቹን አስፊልኝ» አለ። አሰፋሁለት። ትንሽ ቆይቶ «ተጣብቀዋል፣ ሰማያዊ ስፈልግ ሐምራዊ ነው የሚሰጠኝ» አለ። አራራቅኳቸው። ደግሞ «ብዕሩ ገና ሲያርፍበት ወዲያው ባይወስድ፣ ትንሽ ቢታገሠኝ» አለ። እሱንም አደረግሁ። አስተካክዬ በሰጠሁት ቁጥር ያጣጥልብኛል። አነጋገሩ ደግሞ... እርስዎ ያሳደጉት ልጅ እንዲህ ነገረኛ አልነበረም እኮ። እንደተጋባን ሰሞን ያሳረርኩትን ሩዝ «ጥሩ ጭስ አለው» እያለ የበላ ሰው ነው።

— ሌሎቹ?... ሌሎች ሠዓሊዎችም ሞክረዋታል። አንዳቸውም ካሬው አነሰን አላሉም። እንዲያውም እሱን እሰማለሁ ብዬ ሳሰፋ ሳሰፋ፣ ሰሌዳዋ ግማሹን ስክሪን ይዛ ተዘረጋች። አለቃዬ አይቶ «ይሄ የቀለም ሰሌዳ ነው ወይስ ምንጣፍ?» አለኝ። አንዷ ባልደረባዬ ደግሞ «ለቦክሰኛ ነው፣ ጓንቱን ሳያወልቅ እንዲሥል» ብላ ቢሮውን አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

— በሱ አይደለም የተጣላነው። ሰሌዳዋን ለኃላፊዎቹ ያሳየሁ ዕለት ነው። አለቃዬ «ባለቤትሽ ይምጣና እንደ ሠዓሊ አስተያየቱን ይስጠን» አለ። መጣ። ሸሚዝ ልበስ ብለው እምቢ ብሎ ያንን ግራጫ ሹራቡን አጥልቆ መጣ። እስኪ ሞክራትና አሳየን ሲሉት ብዕሩን አልነካም። እጁን ኪሱ ከቶ፣ «መሞከር አያስፈልገኝም፣ መጥፎ ሥራ ነው» አለ። በዚሁ ቃል። «የሠራችው ሰው ሥዕል ሥላ አታውቅም» ብሎ ጨመረበት... አዎ፣ እፊቴ። አለቃዬም ተቀምጦ። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልፈለገም። ኮምፒውተሬን ዘግቼ፣ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ነው አፌን የዘጋሁበት።

— አይ፣ ይቅርታ አልጠየቀም... አይ እትዬ፣ እናስታርቃችሁ ብለው አይድከሙ። ቂሙ ወጥቶልኛል። እስከ ትናንት ነበር፤ ትናንት ግን ሌላ ነገር... ቆይ፣ አንዴ ይቆዩኝ።

— ምን አልክ?... ከእትዬ ጋር ነው... እሺ፣ እላቸዋለሁ።

— ሰላም ብሎዎታል። ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ ነው... ተመልሶ ገባ። ድምፄ ይሰማዎታል? ቀስ ብዬ ነው የማወራው፣ ግድግዳው ስስ ነው።

— ትናንት ራሴን አሞኝ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ጫማዬን ኮሪደሩ ላይ አውልቄ ገባሁ፣ አልሰማኝም። ሥራ ክፍሉ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። የኔዋን ሰሌዳ ከፍቷታል። ሰማያዊ ሊነካ ነው... እትዬ፣ በግራ እጁ የቀኝ እጁን አንጓ ጨብጦ ይዟል። ጥብቅ አድርጎ። ትንፋሹን ውጦ፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደሚያስገባ ሰው፣ ብዕሩን ቀስ... ቀስ... እያደረገ ያስጠጋል። ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ነካ። አጠገቡ ያለውን ነካ። ሰረዘና እንደገና ሞከረ። አሁንም አጠገቡን። እኔ ያሰፋሁት ካሬ እኮ ነው፣ ያ ምንጣፍ የተባለው፤ ሕፃን ልጅ አይስተውም። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ቀኝ እጁን ከታፋው ሥር ከቶ ተቀመጠበት። እጁ ላይ ተቀመጠ፣ ይገባዎታል? እንዲያ ሆኖ ስክሪኑን ያያል።

— አልገባሁም። ወደ ኋላዬ ወጥቼ ጫማዬን አጥልቄ ደረጃውን ወረድኩ። ታች በሩ አጠገብ ትንሽ ቆሜ፣ ኮቴዬን እያሰማሁ፣ ቁልፌን እያቃጨልኩ እንደገና ወጣሁ። ስገባ ቆሞ መጋረጃ ያስተካክላል።

— ምንም አላልኩትም። ምን ልበለው?... ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ እየተመለሰ ይመጣብኛል። ጺሙን ሲያሳድግ ለፋሽን መስሎኝ ነበር፤ ምላጭ መያዝ ፈርቶ ነው። ሸሚዝ እምቢ ያለው ቁልፉን መቆለፍ አቅቶት ነው። ሻይ «ሙሉ አትቅጂልኝ» የሚለኝ ላለመድፋት ነው። አዲሱ መጽሐፍ ላይ መስመሮቹ ሁሉ ሞገድ ሞገድ ይላሉ፤ አሳታሚው «ምን ዓይነት ነፍስ ያለው መስመር ነው» ብሎ ሲያደንቀው እኔም ኮርቼ ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ። ያን ዕለት በሰው ፊት ኪሱ የከተተውም ያንኑ እጁን ነው። ትዕቢት ነው ብዬ የያዝኩበት ሁሉ...

— እትዬ?... ሄሎ?... ይሰሙኛል?... መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ... እያለቀሱ ነው?... ምን?... የአባታችሁ እጅ?... አናጺ እንደነበሩ ነግሮኛል፣ ስለ እጃቸው ግን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም... ሚስማሩን መሳት ጀመሩ... ድካም ነው፣ እርጅና ነው እየተባለ... እና ሐኪም አላያቸውም... ኋላ በማንኪያ የሚያጎርሷቸውም እርስዎ ነበሩ...

— ቆይ፣ ቆይ እትዬ። «ያኔ ሲጠይቀኝ ነግሬዋለሁ» ነው ያሉኝ?... ማን ነው የጠየቀዎት?... መቼ?... ክረምቱ ሳይገባ። ገና ካሬ አስፊልኝ ማለት ሳይጀምር። እና እርስዎ ያውቁ ነበር።

— አይ፣ አልተቆጣሁም... ተቆጥቻለሁ። ለርስዎ አልዋሽም፣ ተቆጥቻለሁ... አስምሎዎት ነው፣ እሺ። እህት ነዎት፣ ሲያስምል ይማላል። ግን አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ። በዚያ እጅ የሚያቅፈው እኔን ነው። ከሰው ሁሉ ኋላ የምሰማው ምን በድዬ ነው?

— ምን አለ?... ይድገሙልኝ እስኪ...

— «ካወቀች ዕድሜዋን ሙሉ ካሬ ስታሰፋልኝ ትኖራለች። ከምታዝንልኝ ብትጠላኝ ይሻለኛል።» እንዲህ አለ?...

— አለሁ... አለሁ፣ አፍንጫዬን ልጥረግ ብዬ ነው... አይ የኛ ነገር። ተሳክቶለት ነበር እኮ፣ ልጠላው ምንም አልቀረኝም።

— ሐኪምስ?... ቀጠሮ ይዞ ነበር? እና ቀረ?... ምን ብሎ?... ረሳሁት አለ?... እሱማ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል፣ እትዬ። እጅ በብዙ ምክንያት ይንቀጠቀጣል ይላሉ። ጭንቀትም ያንቀጠቅጣል፣ የእንቅልፍ ማጣትም። የአባቱ ነው ብሎ የፈረደው ማነው? አንድ ሐኪም ሳያየው... አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ራሴን እያጽናናሁ ነው።

— ሥራዬንማ ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። አለቃዬ «ካሬዎቹን ወደ ድሮ መጠናቸው መልሺ» ብሏል። እርስዎ ሲደውሉ እሱን ነበር የምሠራው። አንዷን ባሳነስኩ ቁጥር ከእጁ የነጠቅኩት ይመስለኛል... እችላለሁ፣ ሁለት ዓይነት ማድረግ እችላለሁ። ትንሹም ይኑር፣ ትልቁም ይኑር፣ የፈለገ የፈለገውን ይምረጥ። እጁ የማይታዘዘው ሠዓሊ እሱ ብቻ ነው እንዴ? አለቃዬንም እንዲሁ እለዋለሁ፣ የማንን ስም ሳላነሳ። እሺ ቢል ጥሩ፣ እምቢ ቢል እከራከራለሁ። ግን እትዬ... ዛሬ አሰፋሁለት እንበል። ከርሞ ያም ቢጠበውስ? እስከ የት ድረስ ነው የማሰፋው? ስክሪኑ ላይ አንድ ቀለም ብቻ እስኪቀር? ይሄን ነው እሱም ቀድሞ ያየው መሰለኝ።

— ይነግሩታል እርስዎ?... እርስዎን ይፈራል ብዬ ነው... አይ፣ ልክ ነዎት። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ከኔው መስማት አለበት። ግን ከምን እጀምራለሁ? «አይቼሃለሁ» ብለው ሌባ የያዝኩ ይመስላል...

— እትዬ... ይቆዩ።

— ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምከው?...

— በሩ ላይ ነው፣ እትዬ። ሰምቷል... አይ፣ አይዝጉት፣ ይቆዩ።

— አዎ፣ ነግረውኛል። አትቆጣቸው፣ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ... አልሰለልኩህም። ቤቴ ነው የገባሁት... ትናንት፣ ከመጋረጃው በፊት። ተመልሼ የወረድኩት እንዳታፍር ብዬ ነው... ታዲያ አንተስ? አንተ ምን አደረግኸኝ? ሰው ሰብስበህ፣ ሥዕል ሥላ አታውቅም አልከኝ። እጄን አመመኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?...

— አልሄደም፣ እትዬ። እዚያው ቆሟል። ፊቱ... ይተዉት፣ ስለ ፊቱ አልነግርዎትም።

— ምን አልክ? ጮክ በል፣ አልሰማሁህም... «ሐኪሙ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ብቻዬን መግባት አቃተኝ» ነው የሚለው፣ እትዬ... ቀጠሮውን አልረሳውም። ሄዶ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲገባ ሲወጣ እያየ ተቀምጦ፣ ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ ወጣ።

— ሰኞ ሥራዬን እንዳስረከብኩ አብረን እንሄዳለን... አብረን አልኩህ እኮ። ስምህ ሲጠራ እኔ «አቤት» እላለሁ... አይ፣ ስለ ሰሌዳው አሁን አታንሳብኝ። እሱን ኋላ ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፣ በደንብ አድርገህ ትጠይቀኛለህ፣ አሁን ግን አይደለም።

— እትዬ፣ አሉ?... ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው... አዎ፣ ይንቀጠቀጣል። በግራው አልያዘውም፣ ዝም ብሎ ትቶታል። እንዳየው ነው መሰለኝ።

— አይ፣ ላናግረው አይበሉኝ አሁን። ማታ ራሱ ይደውልልዎታል... እሺ... አሜን፣ እትዬ፣ አሜን... ስልኩን ልዝጋው። ሁለቱም እጄ ያስፈልገኛል።