ከቅጥሩ ውጭ ያልቆመችው ልጅ

ከሰቆጣ ወደ ጋዝጊብላ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ሆስፒታል ለተኛች ልጇ ልብስ ልታመጣ የምትሄድ እናት ናት፤ ሌላዋ እዚያው መኪና ውስጥ ያገኘቻት አሮጊት።

«ምን አገኛት ልጅሽን?»

«አትበላም፣ እማማ። ሥጋዋ አልቆ አጥንቷ ቀርቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጾም አበዛች። የቀሳውስቱን ጾም ሳይቀር ስትጾም፣ ከቤቴ መነኩሴ ወጣልኝ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ።»

«የወር አበባዋስ?»

«እሱን እኮ ነው እምልዎ። እኛ አደፍ ሲመጣብን ከቅጥሩ ውጭ ቆመን አይደል እምናስቀድስ? እሷ ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ውጭ አልቆመችም። እኔ ደንቆሮዋ፣ እግዜር ቤቱን አልከለክልሽም ብሏት ነው እያልኩ እመቤቴን አመሰግናለሁ።»

«በዚያ በረሃቡ ጊዜ የእኛም ቀርቶ ነበር።»

«የእኛማ እህል ስናገኝ ተመለሰ። የእሷ የቀረው እንጀራ ከፊቷ ቀርቦላት ነው።»

«ሐኪሞቹስ ምን አሉ?»

«ልቧ ደክሟል አሉ። ዘግይታችኋል አሉ።»

«ዛሬስ ምንም አልቀመሰችም?»

«ጠዋት ወተት ይዤ እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ‹እማ፣ ጾም ነው› አለችኝ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፤ የፍስክ ቀን።»

«አዎ፣ እማማ። ማክሰኞ ነው።»

እስክወርድ ድረስ የራሴ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ የቆመችበትን እሑድ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።